ባለ አራት ኪሱ የሕፃን ሱሪ

ሚሊሜትር ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የቤት ዕቃ ፋብሪካው አናጢዎች ናቸው፤ ያወጡለትም በፍቅር አይደለም። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የጥራት ቁጥጥር ሹም ነበር። ወንበር አገላብጦ፣ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ፣ የቁም ሣጥን በር ከፍቶ ዘግቶ ሲያበቃ ከደረት ኪሱ የብረት ማስመሪያውን ይመዝዛል። "አንድ ሚሊሜትር ጎድሏል" ካለ አለቀ፤ ዕቃው ወደ መጣበት ይመለሳል። አናጢው ቢለምን፣ ቢምል ቢገዘት፣ "ጋሼ፣ ማን ሊያየው ነው?" ቢል ሰሚ የለም።

"እኔ አይቼዋለሁ" ይላል ሚሊሜትር።

ጡረታ ሲወጣ ፋብሪካው የግድግዳ ሰዓት ሸለመው። ለትርኢት ያህል ግድግዳ ላይ ሰቀል ቢያደርጉለት፣ ዘንበል ብሏል ብሎ በራሱ የሽኝት ግብዣ ላይ መሰላል አስመጣ። እንግዶቹ ኬኩን የበሉት እሱ መሰላሉ ላይ ቆሞ ሳለ ነው።

እንግዲህ የሚቆጣጠረው ያጣ ተቆጣጣሪ ጓዙን ጠቅልሎ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ምን እንደመጣባት ለመረዳት አንድ ሳምንት አልፈጀባትም። መጋረጃው ከወለሉ በእኩል አልራቀም። ትራሶቹ ቁመታቸው ይለያያል። ሽንኩርቱ ሲከተፍ አንዱ ደቃቅ፣ አንዱ ጎርዳዳ ሆኗል።

"አንተ ሰውዬ፣" አለችው አንድ ቀን ቢላዋውን እንደያዘች፣ "ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔ ሥራ ፈልጌ ልውጣልህ።"

ሥራው ራሱ ፈልጎት መጣ። አንዲት ልጃቸው ወንድ ልጅ ተገላገለች።

ሕፃኑ ለሁለቱም ቤተሰብ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ነው፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአባቱ ወገን ያለችው አያት ለረጅም ዘመን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበረች፤ ሰፈሩ ዛሬም ድረስ ዳይሬክተሯ ነው የሚላት። ሳሎን ስትገባ የተቀመጠ ሰው ሳይታወቀው እግሩን ይሰበስባል። ስትናገር የኋላ ወንበር ላይ ያሉት እንዲሰሟት አድርጋ ነው፤ የኋላ ወንበር በሌለበትም ቢሆን። እሷና ሚሊሜትር ልጆቻቸው ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ በጨዋ ደንብ ይጠላላሉ። ይከባበራሉ፣ ከመቀመጫቸው ይነሣሣሉ፣ "እንደምን ሰነበቱ" ይባባላሉ፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው ቤታቸው ገብተው ይተነፍሳሉ።

ልጁ ጥቂት ወራት እንደሞላው እናቱ ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስባ፣ ፎቶ ቤት ሄደን አብረን እንነሣ አለች። ሐሳቡ ሁሉንም ደስ አሰኘ። ወሬው ሞቅ እንዳለ ዳይሬክተሯ የሻይ ስኒዋን አስቀመጠች።

"የልጁን ልብስ እኔ አመጣለሁ" አለች። "ከውጭ የመጣ ነው።"

ሚሊሜትር ጉሮሮውን ጠረገ።

"ከላይ የሚለበሰውን ያምጡ፣ እሜቴ። ሱሪው ግን ከኛ በኩል ነው።"

"ከየት ሊገዙ ነው?"

"አልገዛም። እሰፋለሁ።"

ሚስቱን ሻይ ትን አላት። ቤታቸው ውስጥ የስፌት መኪና አለ፤ ከእናቷ የወረሰችው ባለ ፔዳል ነው፤ እሷ አልፎ አልፎ መጋረጃ ትጠቀምቅበታለች፣ ሌላውን ጊዜ የአበባ ማስቀመጫ ነው። ባሏ ግን እንኳን መኪና ሊነዳ፣ የተበጠሰ ቁልፍ ተክቶ አያውቅም።

"አንተ? ትሰፋለህ?"

"መለካት ነው፣ መቁረጥ ነው፣ ማገጣጠም ነው። ወንበርም እንዲሁ ነው።"

የሕፃኑ አባት፣ ጭቅጭቅ በሸተተው ቁጥር አንገቱን ስልኩ ላይ የሚደፋ ሰው፣ ቀና ብሎ "እንግዲያው ወገቡ ላይ ተስማማን ማለት ነው" አለና ተመልሶ ደፋ። እንዲህ ሆኖ ልጁ ለሁለት ተከፈለ። ከእምብርቱ በላይ የአባቱ ወገን ግዛት ሆነ፤ ከእምብርቱ በታች የእናቱ።

በማግስቱ ሚሊሜትር ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሄደ። ባለሱቋ የሕፃን ሱሪ መሥሪያ ፓተርን አለ ወይ ሲላት፣ ጨርቁ በልኩ የሚቆረጥበትን የወረቀት ቅድ ከነፖስታው አወጣችለት።

"ይሄ ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ አባባ። ሁለት ቁራጭ፣ አንድ ላስቲክ፣ አለቀ ደቀቀ።"

"ሌላ የለም?"

ከመደርደሪያው ሥር አቧራውን እፍ ብላ ሌላ አወጣች። "ይሄንን እንኳ እስካሁን የደፈረው የለም" አለች።

ፖስታው ላይ የተሣለው ሕፃን ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ፣ የዘገየ ስብሰባ እንደሚጠብቅ ሰው ኮስተር ብሎ ቆሟል። ሱሪው ከፊት ሁለት ኪስ፣ ከኋላ ሁለት ኪስ ከነክዳኑ፣ የቀበቶ ማስገቢያ፣ ጉልበቱ ላይ ሽንሽን፣ ወደ ላይ የሚታጠፍ ጫፍ፣ ዙሪያውን ጥንድ ስፌት አለው። ከፊት ለፊቱም የዚፕ መሸፈኛ አለ።

"ዚፑ ይሠራል?" አለ ሚሊሜትር።

"ኧረ የለም፣ ለማስመሰል ነው።"

"እኔ እንዲሠራ አደርገዋለሁ" አለና ገዝቶ ወጣ።

ሚስቱ ፖስታውን አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

"አራት ኪስ? ምን ሊከትበት ነው? መታወቂያውን?"

"ኪስ የሱሪ ክብር ነው።"

ዚፑን የዚያኑ ዕለት ደበቀችበት። የት እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አልተናገረችም፤ ልጁ ጎረምሳ ሲሆን ያመሰግነኛል ነው የምትለው።

ልኩን ለመውሰድ ወደ ልጁ ቤት ሄደ። ሕፃኑ ገና ታጥቦ መውጣቱ ነበር፤ አልጋ ላይ ራቁቱን ተንጋልሎ አየር ይራገጣል። ሚሊሜትር ሜትሩን ዘረጋ። ወገቡን ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ ሦስተኛም ለካ፤ ሦስቱም አልገጠሙለትም። ልጁ ሲያለቅስ ሆዱ ይነፋል፣ ሲስቅ ይሟሽሻል። የእግሩን ርዝመት ሊወስድ ሲል አንዴ ሜትሩን በጣቶቹ ያዘው፣ አንዴ አያቱን አገጩ ላይ ረገጠው።

"ቀጥ በል እንጂ!"

"አባዬ፣ አራት ወሩ እኮ ነው" አለች እናቱ።

"ዕድሜን ምን አመጣው? ወንበር በተሠራ በዕለቱ ነው ቀጥ የሚለው።"

ቤት ሲመለስ የምግብ ጠረጴዛውን ወረሰ። ፓተርኑ ሲዘረጋ የሁሉም ልክ መስመር አንዱ ባንዱ ላይ ተሰምሮበታል፤ የባቡር ሐዲድ ካርታ ይመስላል። ሚሊሜትር በሁኔታው ሐሴት አደረገ። በሹል እርሳስ ቀዳ፣ በማስመሪያ አረጋገጠ፣ በጠመኔ ጨርቁ ላይ አሠፈረ፤ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት እጁን ታጠበ። ባልና ሚስቱ በነዚያ ቀናት የሚበሉት ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው።

ከዚያ ስፌቱ መጣ። የመጀመሪያውን ሱሪ ገጣጥሞ ከፍ አድርጎ ቢያየው፣ ሁለቱም እግሮች የግራ ናቸው።

ሚስቱ ግድግዳውን ተደገፈች፤ አልበቃት ብሎ ተቀመጠች፤ እሱም አልበቃት ብሎ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

"ጨርቁ ነው የተገለበጠው" አለ ሚሊሜትር።

"ራሱን ገልብጦ?"

ፈታ። እንደገና ሰፋ። አሁን እግሮቹ ግራና ቀኝ ሆኑ፤ የፊቱን ኪስ ሲሰፋ ግን አፉን አብሮ ደፈነው። ሚስቱ ጣቷን ልትከት ሞክራ "ይሄስ ደህና ኪስ ነው፣ ሌባ አይደፍረውም" አለች። እሱንም ፈታ። ክዳኑ ጠመመ፤ ፈታ። ጥንዱ ስፌት መንገድ ላይ ተጣልቶ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሄደ፤ ፈታ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መላሹም ተመላሹም እሱ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ክር እየነቀለ ሳለ፣ "ጋሼ፣ እጅ እኮ ነው፣ ማሽን አይደለም" ብሎት የነበረ አንድ ሽማግሌ አናጢ ትዝ አለው። ፋብሪካው ድረስ ሄዶ አናጢዎቹን ይቅርታ ሊጠይቅ አሰበና፣ ከሱሪው ጊዜ እንደሚሻማበት አይቶ ተወው።

ከሁሉ የባሰው ግን ልጁ ማደጉ ነው። ሚሊሜትር በየጠዋቱ መደወል ጀመረ።

"ወገቡ ስንት ደረሰ?"

"ደህና አደርክ፣ አባዬ። ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እሱስ ደህና ነው። ወገቡን ነው የጠየቅኩሽ።"

አንድ ቀን ድምፁን አለስልሶ እንዲህ አላት፦

"ልጄ፣ ማጥባቱን ትንሽ ቀነስ ብታደርጊው?"

"አባዬ! ልጄን ለሱሪ ብዬ ላስርብልህ?"

"አስርቢ አላልኩም። ቀነስ ነው ያልኩት። ፎቶው እስኪያልፍ።"

ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ። ሚሊሜትር ጎኖቹን በትንሹ ለቀቅ አድርጎ መስፋት ግድ ሆነበት፤ ሽንፈት እንደሆነ ግን ለራሱም አላመነም።

በመጨረሻ ሱሪው አለቀ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፈር ያለ ጨርቅ ነው። ሚስቱ ለመሣቅ ተዘጋጅታ ተቀበለችው፤ አገላበጠችው፤ ኪሶቹን ከፍታ ዘጋች። ሣቋ ጠፋ። ቁመቱ ክንድ የማይሞላ፣ ግን ሁሉ ነገሩ የተሟላ የትልቅ ሰው ሱሪ ነው።

"ወይ አንተ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ይሄንን ለብሶ ቢሮ የሄደ ሰው እኮ 'ነገ ተመለስ' አይባልም።"

ሚሊሜትር ካውያውን ሊያግል ሄደ፤ ከጀርባው ግን ትከሻው ሰፋ ብሎ ይታይ ነበር።

የፎቶው ቀን ደረሰ። ፎቶ ቤቱ ጠባብ፣ በመብራት የጋለ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ሐይቅና ዳክዬ ተሥሏል፤ ከፊቱ ከካርቶን የተሠራ የእብነ በረድ ዓምድና አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ አለ። ዳይሬክተሯ የሐር ቀሚሷን ለብሳ፣ ሰፊ ሻርፕ ደርባ ቀድማ ደርሳለች። ያመጣችው ነጭ ኮት ባለ ወርቅ ቀለም ቁልፍ ነው፤ አንገትጌው ሕፃኑን እስከ ጆሮው ዋጠው። ሁሉም "ያምራል" አሉ። ልጁ አንገትጌውን ይልስ ጀመር።

ሚሊሜትር ጥቅሉን ፈታ። ዳይሬክተሯ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች።

"ከየትኛው ሱቅ ነው?"

"ሰፋሁት እንጂ።"

የቤት ሥራውን እናቱ የሠራችለት ተማሪ እንዳየች ሁሉ ፈገግ አለች።

የሕፃኑ እናት ልጇን አስተኝታ ሱሪውን ታስገባ ጀመር። እግሮቹ ገቡ። ጉልበት አለፈ። ጭን ላይ ሲደርስ ቆመ። ሳበች፤ አልሆነም። አባትየው ስልኩን አስቀምጦ አገዛት፤ አልሆነም።

"አይገባም" አለች።

"እንዴት አይገባም?"

"በዳይፐሩ ነዋ፣ አባዬ።"

"የምን ዳይፐር?"

ሁሉም አዩት። ያን ሁሉ ሲለካ፣ ሲቀዳ፣ ሲፈታ፣ ሲሰፋ፣ ልጁን አንድም ቀን በዳይፐር አስቦት አያውቅም። ሜትሩን የዘረጋው ራቁቱን ሳለ ነው።

"ፓተርኑ ስለ ዳይፐር ያለው ነገር የለም" አለ፣ ድምፁ ቅጥን ብሎ።

"እንዳጋጣሚ፣" አለች ዳይሬክተሯ ቦርሳዋን እየከፈተች፣ "ሌላ ሱሪ ይዣለሁ።" አወጣችው። እንዳጋጣሚ ነጭ ነበር። እንዳጋጣሚ የኮቱ ቁልፍ ዓይነት ቁልፍ ነበረው።

የሚሊሜትር ጆሮ ቀላ።

"ዳይፐሩ ይውለቅ!"

"አባዬ፣ አይሆንም። እወቅልኝ፣ አይሆንም።"

"ለአንድ ፎቶ? ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው?" ብሎ ወደ ፎቶ አንሺው ዞረ።

"አሁን፣ አሁን፣ ጌታዬ" አለ ፎቶ አንሺው፣ አሁን ያለውን ሁሉ ቶሎ የማይጨርሰው ሰውዬ።

የሚሊሜትር ሚስት ጣራ ጣራውን ታይ ጀመር። ዳይፐሩ ወለቀ። ሱሪው እንደ ጓንት ልክክ አለ። ፎቶ አንሺው እንኳ ከመሣሪያው ጀርባ ወጥቶ ኪሶቹን ነካ ነካ አደረጋቸው።

አሁን የቀረው ልጁን ማን ታቅፎ መሃል ይቀመጥ የሚለው ነው። ለሳምንታት ማንም ያላነሣው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ጥያቄ ይሄ ነበር። ሁሉም ወደ ዳይሬክተሯ አዩ። እሷ ሕፃኑን አየች፤ የወለቀውን ዳይፐር አየች፤ የሐር ቀሚሷን አየች።

"የለም፣ የለም" አለች ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ። "ሱሪው የእርስዎ ልፋት ነው። ልጁንም እርስዎ ይያዙት።"

ሚሊሜትር ጆሮውን ማመን አቃተው። ዳይሬክተሯ እጅ ሰጠች! በፈዛዛ ግራጫ ሙሉ ልብሱ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ መሃሉን ወንበር ያዘ። ልጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ኪሶቹ እንዲታዩ ትንሽ ጎን አዞረው። ዳይሬክተሯ ከኋላው ቆመች።

ፎቶ አንሺው መብራቱን አቀና። ከዚያ አባትየውን ስልክ አስጣለ። ከዚያ የሚስትየውን አገጭ ቀና አደረገ። ከዚያ መብራቱን እንደገና አቀና። ሕፃኑ ድንገት መራገጡን ተወ። ዓይኖቹ ሩቅ ቦታ ላይ ፈዝዘው ቀሩ፤ ስለ ዓለም የሚያስብ ይመስላል። እናቱ ያንን አስተያየት በደንብ ታውቀዋለች።

"አባዬ..."

"እንዳትንቀሳቀሱ!" አለ ፎቶ አንሺው።

ሙቀቱ ከቀኝ ጭኑ ጀመረ። ሚሊሜትር ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። መነሣት ይችላል። ቢነሣ ግን ያቺ ሴትዮ ከኋላው ቆማለች። አልተነሣም። አገጩን ከፍ አደረገ። ትንፋሹን ያዘ። ዓይኑን ከካሜራው በላይ ተከለ። ሙቀቱ ወደ ጉልበቱ ወረደ፣ ካልሲው ውስጥ ገባ፤ እሱ ንቅንቅ የለም።

"ግሩም!" አለ ፎቶ አንሺው። "አንድ ልድገም።"

ደገመ። ለማንኛውም ብሎ ሠለሰ።

ሲያበቃ ሁሉም ተበተነ፤ ልጁን እናቱ አንሥታ ወሰደችው፤ ሱሪው ጥቁር በመሆኑ ምኑም አያስታውቅም። ሚሊሜትር ግን ወንበሩ ላይ ቀረ። ግራጫው ልብስ ሁሉን ነገር ያስታውቃል።

"ተነሣ እንጂ" አለችው ሚስቱ ከበር።

"ትንሽ ልረፍ።"

ዳይሬክተሯ ዞራ መጣች። አየችው። ሰፊውን ሻርፗን ከትከሻዋ አወለቀችና ጭኑ ላይ ጣል አደረገችለት።

"ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ጉልበትዎን ይሸፍኑ" አለች ሰው እንዲሰማት። ክፍሉ በመብራቱ ብዛት እንደ ምድጃ ይፋጃል። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ሚሊሜትር ሰምቶት በማያውቅ ዝቅተኛ ድምፅ ጨመረች። "አራት ልጅ ነው ያሳደግኩት። ዳይፐሩ ሲወልቅ ገብቶኝ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

"ቀሚሴ ሐር ነው።"

በጓዳ በኩል ባለችው የእጅ መታጠቢያ ዳይሬክተሯ ራሷ የልጁን ሱሪ ታለቀልቅ ጀመር። ሚሊሜትር ሻርፑን እንደ ሽርጥ አገልድሞ አጠገቧ ቆሟል። ሱሪውን ስትገለብጠው እጇ ቆመ። ከውስጥ አንድ የተንጠለጠለ ክር የለም። ስፌቱ ሁሉ ተጠቅልሎ ተይዟል።

"ኪሶቹ ገበር አላቸው" አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። "እውነት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።" ትንሽ ቆየና ማመን ስላለበት አመነ። "የግራው እግር ጫፍ ግን አንድ ሚሊሜትር ይረዝማል።"

ዳይሬክተሯ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አድርጋ ዓይኗን አጠበበች።

"የቀኙ ነው የሚረዝመው" አለች።

ማስመሪያውን መዝዞ ለካ። የቀኙ ነበር። ሚሊሜትር ቀና ብሎ ያቺን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ያህል አያት። ይሄን ሁሉ ዘመን በፋብሪካው ውስጥ እንዲህ ያለ ዓይን ያለው አንድ ሰው ብቻ ሲመኝ ኖሯል።

ፎቶው በሁለቱም ቤት ሳሎን ተሰቀለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሚሊሜትር ላይ ዓይኑን ይጥላል። "ምን ዓይነት ግርማ ሞገስ ነው!" ይላል። "እንደ ትልቅ ባለሥልጣን ሩቅ ነው የሚያዩት!" ሚስቱ ይሄን ጊዜ ምድጃ ላይ የጣደችው ነገር እንዳለ ታስታውሳለች፤ ከወጥ ቤት የሚሰማው ድምፅ ግን የማብሰል አይደለም።

የሱሪው ጉዳይ በዚህ ቢቆም ደግ ነበር። ሁለቱ አያቶች ግን ወዳጅ ሆኑ። ሚሊሜትር ፓተርኑን ለዳይፐር በሚበቃ መጠን አስፍቶ እንደገና ሣለው፤ በእግሮቹ መሃል ደግሞ ሳይወልቅ የሚከፈት የብረት ቁልፍ ደረደረበት። ዳይሬክተሯ ተቆጣጣሪ ሆነች። በየሳምንቱ አዲስ ሱሪ ይዘው ይመጣሉ፤ ልጁን አስቁመው፣ አዙረው፣ አስጎንብሰው ያያሉ። ከዚያ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ጡጦዎቹ በደንብ አልተደረደሩም። አልጋው ወደ ግራ ያዘነብላል። ብርድ ልብሱ ሲታጠፍ ጫፍና ጫፉ አልገጠመም። አንዱ ያየውን ሌላው ያጸድቃል።

ልጁ በሌላው ቀን የሚውለው በሁለት ቁራጭና ባንድ ላስቲክ በተሰፋ የገበያ ሱሪ ነው። የአያቶቹ ድምፅ ከደጅ ሲሰማ አባትየው ልጁን ይይዛል፣ እናትየው ባለ አራት ኪሱን ታጠልቅለታለች።

"እማዬ፣" አለች አንድ ቀን ለእናቷ፣ "ተጣልተው ሳሉ እኮ ነበር ሰላም የነበረን።"

"ቻይው፣ ልጄ" አለች እናቷ። "ደግሞ ኮት እንጀምር ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።"

ያን ዕለት ሁለቱ አያቶች ምንጣፉ ዳር ቆመው ስለ ኮቱ እጅጌ ሲወያዩ፣ ልጁ መዳህ ከጀመረ ሰንበት ብሎ ነበርና፣ ከሶፋው ወደ ጠረጴዛው ተንቀሳቀሰ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የብረት ቁልፎቹ ከጉልበቱ ጀምሮ አንድ በአንድ እየተከፈቱ ነው። ልጁ ዳይፐሩን አስከትሎ፣ ለዳይፐር ተብሎ በሰፋው ወገብ ሾልኮ፣ ከሱሪው ውስጥ ዳኸና ወጣ፤ ሱሪው ከነኪሶቹ ምንጣፉ መሃል ቀረ።

ሁለቱም ደነገጡ። ሁለቱም ተንበረከኩ።

"ቁልፉ ላልቷል" አለች ዳይሬክተሯ።

"አልላላም። ርቀቱ ነው እኩል ያልሆነው" አለ ሚሊሜትር፣ ማስመሪያውን ከደረት ኪሱ እየመዘዘ።

ራሳቸውን አጋጥመው ሲለኩ፣ ልጁ ኮሪደሩን ጨርሶ ወጥ ቤት ገብቶ ነበር፤ የድስት ክዳን ሲወድቅ እንኳ ቀና ያለ የለም።